«ፋይሎቼ የሉም!»፦ የዴስክቶፕ ገጽታ ናሙናዎች ዳሰሳ

በሰፈራችን የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የምትሠራ አንዲት ወጣት አለች። ጠዋት ከገባች እስከ ማታ የኪራይ ውል፣ አቤቱታና የሥራ ማመልከቻ ስትተይብ ትውላለች። አንድ ምሽት ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ገብቼ ሳለ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነጭ ስክሪን ዓይኔን ፈጀው፤ ጥቁር አያደርጉልኝም?» አለችኝ። ማሽኑ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ከኢንተርኔት ጥቂት ገጽታዎች አወረድንና ማስተካከያውን ከፍቼ ምስሉ ያማረኝን መረጥኩላት። ጥቁር ሰማያዊ መስኮት፣ ብርቱካንማ ቁልፍ፣ ከጀርባው ጭጋግ የለበሰ ተራራ ነበረው። «ተባረኩ» አለችኝና ተለያየን።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ፋይሎቼ የሉም!»

ስደርስ ሁለት ደንበኞች ቆመው ይጠብቃሉ፤ ልጅቷ ፊቷ አመድ መስሏል። ፋይሎቹ ግን ቦታቸው ላይ ነበሩ። የጠፋው ስማቸው ነው። ገጽታው የፋይል ስሞችን የሚጽፈው በጥቁር ግራጫ ሆኖ፣ መደቡ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ነው። አንዱን ፋይል በማውስ ነካ ሲያደርጉት የተመረጠው መስመር ከፊደሉ ጋር ጭራሽ አንድ ቀለም ይሆናል። የስክሪኑን አናት ይዤ ወደ ኋላ ሳጋድለው «የኪራይ ውል 14»፣ «አቤቱታ ለክፍለ ከተማ» የሚሉት ስሞች ብቅ አሉ፤ ስመልሰው ተመልሰው ጠፉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጣው የገጽታው ጉድለት አይደለም። ከመምረጤ በፊት ማየቴ ነው። ማስተካከያው ናሙና አሳይቶኛል፤ ናሙናውም አልዋሸም። መስኮቱ ያው ነው፣ ቁልፉ ያው ነው፣ ተራራው ያው ነው። በዚያች ምስል ውስጥ ግን አንድም የፋይል ስም፣ አንድም የተመረጠ መስመር አልነበረም። ስለዚህች ትንሽ ምስል ቁም ነገር ብሎ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። በቀን ስምንትና አሥር ሰዓት ስክሪን ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው ግን ዓይኑን አሳልፎ የሚሰጠው ይህችን ምስል አምኖ ነው።

ገጽታ የምንለው፣ ብዙዎች «ቴም» የሚሉት፣ የቀለሞችን ቅንብር፣ የመስኮቱን ጠርዝ፣ አዶዎችን፣ የማውሱን ጠቋሚ፣ ፎንቱን፣ ልጣፉን፣ አንዳንዴም ድምፁን ባንድ ላይ የሚያስር ጥቅል ነው። ናሙናው ይህን ሁሉ በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላሳይ ይላል። ሥራው ከባድ ነው፤ እንዴት ሲሠራ እንደቆየ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ደግሞ ዛሬ የት ጋ እንደሳትን ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 የቀለም ማስተካከያ ነበረው። ከዝርዝሩ አንድ ስም ሲመርጡ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ሥዕል ወዲያው ቀለሟን ትቀይራለች። ከቅንብሮቹ አንዱ «ሆት ዶግ ስታንድ» ይባል ነበር፤ ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ነው፣ እስከ ዛሬም የአስቀያሚ ቅንብር ምሳሌ ሆኖ ይጠራል። ቢሆንም ያንን የመረጠ ሰው ተታሎ አልነበረም። ሥዕሏ ቀዩንም ቢጫውንም ሳትቀንስ ሳትጨምር አስቀድማ አሳይታዋለች።

ከሁሉም የበለጠ የሚገርመኝ የዊንዶውስ 95 ናሙና ነው። የማሳያ ማስተካከያው ውስጥ ገጽታ የሚለውን ትር ሲከፍቱ ከላይ በኩል ትንሽ ሆና የተሠራች ዴስክቶፕ ትመጣለች። ከኋላ ሥራ ላይ ያልሆነ መስኮት አለ፤ አናቱ ደብዝዟል። ከፊቱ ሥራ ላይ ያለው መስኮት አለ፤ አናቱ ደምቋል። ከዚያ በታች ሦስት ቃላት የያዘ የሜኑ መስመር ይታያል፦ አንዱ መደበኛ፣ አንዱ ለጊዜው የማይሠራና የደበዘዘ፣ አንዱ የተመረጠ። ነጭ መደብ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ፣ ከጎኑ ማሸብለያ፣ ከሁሉም ፊት መልእክትና ኦኬ የሚል ቁልፍ ያለው ትንሽ ሳጥን ተደርድሯል። አንድ ሰው በሥራ ቀኑ ዓይኑ የሚያርፍባቸው ነገሮች አብዛኞቹ እዚያች መዳፍ በማታክል ቦታ ላይ ነበሩ።

በዚህ ላይ ናሙናዋ የምትነካ ነበረች። የመስኮቱን አናት ሲጫኑት ከታች ያለው ዝርዝር የመስኮቱን አናት ይጠራና ቀለሙን፣ ፎንቱንና መጠኑን ያቀርባል። የተመረጠውን ሜኑ ሲጫኑ የተመረጠውን ይጠራል። የነገሩን ስም የማያውቅ ሰው በጣቱ እያመለከተ «ይሄ ይለወጥልኝ» ሊል ይችላል ማለት ነው። ልብስ ሰፊ ፊት ቆሞ «እዚህ ጋ ይጥበብልኝ» እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ሠላሳ ዓመታት ለተራው ተጠቃሚ ይህን ያህል የቀረበ ናሙና በየትኛውም ዴስክቶፕ ላይ አላየሁም።

በዚያው ዘመን ለብቻው ይሸጥ የነበረው የዊንዶውስ 95 ተጨማሪ ጥቅል «ፕላስ» ሙሉ ገጽታ የሚባለውን ነገር አመጣ። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ሥዕሎች የተከተለ ገጽታ ነበረው፤ ልጣፉም፣ አዶውም፣ ጠቋሚውም፣ ድምፁም አንድ ላይ ይለወጣል። ናሙናው ከዚህ ጊዜ አንስቶ የሥራ ሥዕል መሆኑ እየቀረ የመልክዓ ምድር ሥዕል መሆን ጀመረ ብዬ አምናለሁ። ለፕላስ ግን ፍትሕ ልስጠው፦ ከናሙናው ጎን ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች ነበሩት። ልጣፉን ውሰድ፣ ፎንቱን ተው፣ ጠቋሚውን ውሰድ፣ ድምፁን ተው ማለት ይቻል ነበር። ጥቅሉን ፈትቶ የሚበጀውን ብቻ መውሰድ ማለት ይኸው ነው።

በ2009 የመጣው ዊንዶውስ 7 ሌላ መንገድ ያዘ። ናሙናዎቹ የልጣፎቹ ምስልና የመስኮቱ ቀለም ብቻ ሆኑ፤ በምትኩ አንዱን ሲጫኑ መላው ዴስክቶፕ ወዲያው ይለወጣል። ከናሙናው ይልቅ ራሱን እየው እንደማለት ነው። ይህ መንገድ አንድ ትልቅ ጥበቃ ነበረው፦ በእጅዎ ያስተካከሉትን፣ ሌላ ገጽታ ሲሞክሩ፣ ዝም ብሎ አያጠፋውም፣ «ያልተቀመጠ ገጽታ» በሚል ስም ለብቻው ያቆየዋል። ሰው ያለ ስጋት የሚሞክረው መመለሻውን ሲያውቅ ነው።

ወደ ሊኑክስ ዓለም ስንሻገር ነገሩ ይወሳሰባል፤ ውስብስቡም ናሙና ማሳየት ለምን እንደሚከብድ በደንብ ያስረዳል። የግኖም ዴስክቶፕ የተሠራበት ጂቲኬ የሚባለው መሣሪያ የገጽታውን ስም የሚይዘው ለመላው ፕሮግራም ነው። ማስተካከያው ራሱ አንድ ፕሮግራም ስለሆነ አንድ ልብስ ብቻ ለብሷል። ታዲያ እሱ ውስጥ አሥር ሌሎች ልብሶችን ጎን ለጎን እንዴት ያሳይ? የግኖም 2 ባለሙያዎች ያገኙት መፍትሔ ብልሃት ያለበት ነበር። ማስተካከያው ሌላ ትንሽ ሂደት ከጀርባ ይወልዳል፤ ያ ሂደት የተጠየቀውን ገጽታ ይለብሳል፣ ቁልፍና ጽሑፍ ያላት አንዲት መስኮት ለማንም ሳይታይ ይሥላል፣ የሣለውን ምስል ለወላጁ ይልካል። ተጠቃሚው የሚያየው የገጽታው ሠሪ ያነሳውን ፎቶ ሳይሆን ማሽኑ ራሱ፣ በራሱ ፎንት፣ በዚያው ሰዓት የሣለውን ነው። የዚያ ዴስክቶፕ ወራሽ የሆነው ማቴ ይህን መንገድ ይዞ ቆይቷል።

ሌላው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ኬዲኢ የቆመበት፣ ኪውት የሚባለው መሣሪያ ግን ከዚህ ይለያል፤ አንድን ቁልፍ ወይም አንድን ሣጥን ብቻ ነጥሎ ሌላ አሣሣል ማልበስ ያስችላል። ስለዚህ የኬዲኢው ፕላዝማ የቀለም ቅንብር ናሙናዎችን ከራሱ ከቀለም ፋይሉ እያነበበ ይሥላቸዋል፤ የመስኮት ጠርዞችንም እውነተኛውን ጠርዝ እየሣለ ያሳያል። ለአዶዎች ደግሞ የሚያምር ነገር አለው፦ ማውሱን ናሙናው ላይ ሲያሳርፉ አዶዎቹ እየተቀያየሩ ያልፋሉ። አራት አዶ አይቶ ስለ ብዙ መቶ አዶ ከመፍረድ ይሻላል።

ግን እዚያው ፕላዝማ ውስጥ ጥቅሉን ባንድ ጊዜ የሚለውጠው «ግሎባል ቴም» ናሙናውን የሚወስደው ሠሪው ከፋይሎቹ ጋር ካስቀመጠው ምስል ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ለጽሕፈት ቤቷ ልጅ ስመርጥ ያሳተኝ የዚህ ዓይነቱ ምስል ነውና።

ሠሪው የሚያነሳው ምስል የራሱ ማሽን ምስል ነው። የእሱ ስክሪን ትልቅ ነው፣ የእሱ ፎንት ላቲን ነው፣ ልጣፉን የመረጠው ራሱ ነው። ምስሉን የሚያነሳውም ገጽታው አምሮ በሚታይበት ሰዓት ነው፦ አንድ ባዶ መስኮት፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ተራራ። ይህን በክፋት አላየውም። ሸማኔም ጥለቱን ሲዘረጋ ያማረውን ጫፍ ወደ ገዢው ያዞራል። የሽሮ ሜዳ ገዢ ግን ያንን አምኖ ብር አይቆጥርም፤ ቀሚሱን ይዞ ከሱቁ መብራት ሥር ወጥቶ በር ላይ፣ በፀሐይ ያየዋል። ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ይለካል፤ ጥለቱን ገልብጦ የውስጡን ክር ያያል። በገጽታ ማስተካከያ ውስጥ ያ በር የለም። ያለን የሱቁ መብራት ብቻ ነው።

ፎቶው ደግሞ ያረጃል። ጂቲኬ 3 ከእትም ወደ እትም ውስጡን ሲለዋውጥ፣ በተለይ በ2016 የወጣው 3.20፣ ቀድሞ የተሠሩ ገጽታዎች ተበላሹ። ምስላቸው ግን አልተበላሸም፤ ያው እንዳማረበት ተቀምጦ ያልነበረ ነገር ይሸጣል። በ2019 የተወሰኑ የግኖም መተግበሪያ ሠሪዎች በግልጽ ደብዳቤ ለሊኑክስ አከፋፋዮች ያቀረቡት ልመናም ከዚህ የራቀ አይደለም፦ መተግበሪያዎቻችንን ሳትፈትሹ ሌላ ገጽታ አታልብሱብን፣ አዶው ይጠፋል፣ ጽሑፉ አይነበብም፣ ተጠቃሚው የሚወቅሰው እኛን ነው አሉ። አንዳንዶች ደብዳቤውን የተጠቃሚን ነፃነት እንደ መንፈግ ቆጠሩት። እኔ ከሁለቱም ወገን እውነት አያለሁ፤ ነፃነቱ ይኑር፣ ግን ሰው የሚመርጠው ነገር ምን እንደሚያደርግበት አይቶ ይምረጥ።

በመጋቢት 2024 የሆነው ደግሞ ከማየትም ያለፈ ነው። ከኬዲኢ የገጽታ መደብር አንድ ግሎባል ቴም የጫነ ተጠቃሚ ፋይሎቹ በሙሉ ተደመሰሱበት። ገጽታው ውስጥ ትእዛዝ የሚፈጽም ኮድ ነበረበት። ለጥፋት የታሰበ አልነበረም፣ በስሕተት የተጻፈ ነበር፤ ግን የጠፋው አልተመለሰም። የኬዲኢ ሰዎች ወዲያው ማስጠንቀቂያ አወጡ። የዚያ ገጽታ ናሙና ምን ያሳይ ነበር? መስኮትና ልጣፍ። ጥቅሉ ውስጥ ቀለም ብቻ እንዳለ ወይም ኮድም እንዳለበት የሚለይ አንድ መስመር ጽሑፍ ከምስሉ ሥር ቢኖር ምስሉን ሙሉ ያደርገዋል። ናሙና የሚያሳየው ለዓይን የሚታየውን ብቻ ነው ብለን ካልገደብነው በቀር፣ ይህም የናሙና ሥራ ነው።

ግኖም በበኩሉ በ2011 ሦስተኛ እትሙን ሲያወጣ ገጽታ መምረጫውን ከነናሙናው አነሳው። የፈለገ ሰው ሌላ ማስተካከያ ጭኖ ከስሞች ዝርዝር መምረጥ ቀረለት፤ ምስል የለም፣ ስም ብቻ። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በመጋቢት 2022፣ ግኖም 42 የገጽታ ገጽ ይዞ ተመለሰ፤ ሁለት ምስል ብቻ አሉት፣ ብርሃንና ጨለማ። አንድ ነገር ግን በደንብ አስቦበታል፦ በምስሎቹ ውስጥ ያለው ልጣፍ ተጠቃሚው ራሱ የመረጠው ነው። ማክም በ2018 ጨለማውን ሲያመጣ በሥዕል አስመርጦ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት የተጨመረው፣ እንደ ሰዓቱ ራሱን የሚለውጠው ሦስተኛው ምርጫ፣ ግማሹ ብርሃን ግማሹ ጨለማ ሆኖ ተሣለ። ያለ አንድ ቃል የሚገባ ሥዕል ነው። ምርጫው ሁለትና ሦስት ሲሆን፣ ሁሉንም የፈተሸው አንድ ድርጅት ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ቀለል ያለ ሥዕል ይበቃል። ከውጭ ለሚመጡ ገጽታዎች ግን አይበቃም።

መልሱ እጃችን ላይ ባለ አንድ ፕሮግራም ውስጥ እንዳለ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አገራችን ውስጥ ቴሌግራም የሌለበት ኮምፒውተር ማግኘት ይከብዳል። በዴስክቶፕ ቴሌግራም ሰው የላከልዎትን ገጽታ ሲከፍቱ ፕሮግራሙ የሠሪውን ፎቶ አያመጣም፤ የራሱን የውይይት መስኮት በዚያ ገጽታ ቀለሞች ሥሎ ያሳያል። የተላከ መልእክት አለ፣ የመጣ መልእክት አለ፣ ከጎን የውይይቶች ዝርዝር አለ፣ ያልተነበቡ መልእክቶች ቁጥር አለ። ዓይንዎ የሚውልበት ቦታ ማለት ነው። ተግባራዊ ሲያደርጉት ደግሞ ይቆየው ወይስ ወደ ቀድሞው ይመለስ ብሎ ይጠይቅና ሰከንድ መቁጠር ይጀምራል፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልሰጡ የቀድሞውን ይመልሳል። ፊደሉ ከመደቡ ጋር አንድ ሆኖ ቁልፉ እንኳ ባይታይዎት፣ እጅዎን አጣጥፈው ቢጠብቁ ይበቃል።

ይህ ቆጠራ አዲስ አይደለም። ዊንዶውስ የስክሪን ጥራት ሲለወጥ ለዓመታት ሲቆጥር ኖሯል፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ጥራት ስክሪኑን ሊያጨልመው ይችላል። የተሳሳተ ገጽታም እኮ ስክሪን ያጨልማል! ከጽሕፈት ቤቷ ልጅ ስክሪን የበለጠ የጨለመ አላየሁም። ይሁን እንጂ እኔ በሠራሁባቸው ዴስክቶፖች ሁሉ ገጽታ ሲለወጥ የሚቆጥር አላጋጠመኝም። ዴስክቶፕ ሠሪዎችን አንድ ነገር ብቻ ለምኑ ብባል ይህን እለምን ነበር።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ፤ ናሙናዎቹ ከሁሉ በላይ የሚበድሉት እሱን ነውና። ብዙ ማስተካከያዎች ለጽሑፍ ናሙና የሚያስቀምጡት ሁለት የላቲን ፊደል ነው፦ ትልቁ «ኤ» እና ትንሹ «ኤ» ጎን ለጎን። ለእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ያቺ ናሙና ለአማርኛ አንባቢ የምትነግረው ጥቂት ነው። ግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጋር «ኒያላ» የተባለውን ፎንት አመጣ፤ ቀጭን፣ የብዕር ጭረት የሚመስል፣ በተመሳሳይ ቁጥር ከላቲኑ ያነሰ የሚታይ ነው። በኋላ «ኢብሪማ» መጣ፤ ጭረቱ እኩል፣ ለስክሪን የተሻለ ነው። በሊኑክስ «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ» አሉ። አንድ ዓይነት ግራጫ ቀለም በኢብሪማ ተነብቦ በኒያላ ሊጠፋ ይችላል፤ ቀጭን ጭረት ቀለሙን ስለሚያሳሳው። ናሙናው ግን በላቲን ፊደል ስለተሣለ ይህ ልዩነት አይታይበትም።

የእኛ ፊደል ትርጉም የተንጠለጠለው በጥቃቅን ጭረቶች ላይ ነው። «ልጁ»፣ «ልጄ»፣ «ልጇ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ተመልከቱ። የወንዱ ልጅ፣ የእኔ ልጅ፣ የሴቲቱ ልጅ። የሚለያቸው ከፊደሉ ጎን ወይም ሥር የምትቀጠል አንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ናት። በቀለብ ጥያቄ አቤቱታ ላይ ይህች ጭረት ማን ከማን ምን እንደሚጠይቅ ትወስናለች። በላቲን ጽሑፍ የደበዘዘ ቀለም ዓይን ያደክማል፤ በእኛ ጽሑፍ ዓይን ከማድከሙም በላይ ቃሉን ወደ ሌላ ቃል ይለውጠዋል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ማሽኑ የተጠቃሚውን ቋንቋ ያውቃል። የካምብሪጁ ማርከስ ኩን ዩኒኮድን መፈተሻ እንዲሆን ባዘጋጀው የታወቀ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የአማርኛ ተረትና ምሳሌዎች አሉ፤ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ከነዚያ አንዱ ነው። የውጭ አገር ባለሙያ ፊደላችን በትክክል መውጣቱን ለመፈተን ምሳሌያችንን ካስገባ፣ የገጽታ ናሙናም አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሊይዝ ይችላል። ሮም ላለ ጣልያንኛ፣ ቴል አቪቭ ላለ ዕብራይስጥ፣ ጎንደር ላለ አማርኛ። ጎንደር ተወልዶ ቴል አቪቭ ለሚኖረው ሁለቱም።

ንባብ በዓይን ግምት ብቻ መለካትም አይኖርበትም። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ከ2008 ጀምሮ የሚሠራበት የንፅፅር ልኬት አለ። ሁለት ቀለም አንድ ዓይነት ሲሆኑ ልኬቱ 1 ለ 1 ነው፣ ጥቁር በነጭ ላይ ሲሆን 21 ለ 1። መደበኛ መጠን ላለው ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ይጠየቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ማስተካከያው የገጽታውን ቀለሞች ካነበበ፣ የተመረጠው መስመር ከልኬቱ በታች መሆኑን ለማወቅ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። «የተመረጠ ጽሑፍ ለማንበብ ያስቸግራል» የሚል አንድ ሐረግ ከናሙናው ሥር ቢኖር ኖሮ እኔ ያንን ገጽታ አልመርጥም ነበር። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎችም ከዚሁ ይጠቀማሉ፤ ከአውሮፓውያን ወንዶች ከ12ቱ አንዱ ገደማ እንዲህ ነው።

ዊንዶውስ 11 የዓይን ችግር ላለባቸው ባዘጋጀው የንፅፅር ገጽታዎች ገጽ ውስጥ መስተካከል የሚችሉት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ መደብ፣ ጽሑፍ፣ ሊንክ፣ የማይሠራ ጽሑፍ፣ የተመረጠ ጽሑፍ፣ የቁልፍ ጽሑፍ። የዊንዶውስ 95 ናሙና ይዟቸው የነበሩት ነገሮች አብዛኞቹ ናቸው። ለሁሉም ሰው የነበረው ነገር ወደ ተደራሽነት ገጽ ተዛውሮ፣ ተራው ተጠቃሚ የሚያየው ልጣፍና የመስኮት ቀለም ብቻ ሆኗል። ይህ ያሳዝነኛል። ጤነኛ ዓይን ያለውም ሰው ማታ ሲደክመው፣ ስክሪኑ አሮጌ ሲሆን፣ ከመስኮት ፀሐይ ሲገባበት ያው ችግረኛ ነው።

በቅንነት የሚነሳ አንድ መከራከሪያ አለ፦ በማሽኑ የሚሣል ናሙና ይዘገያል፤ ሃያ ገጽታ ያለበት ገጽ ሲከፈት ሃያ መስኮት መሣል አለበት። እውነት ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይታያል። ግን አንዴ የተሣለ ምስል ሊቀመጥ ይችላል፤ ገጽታው ወይም ፎንቱ ሲለወጥ ብቻ እንደገና ይሣላል። እስኪሣል ድረስ የሠሪው ፎቶ ቦታውን ይዞ ቢቆይም አልቃወምም፣ የሠሪው ፎቶ መሆኑ ከተጻፈበት። ሁሉንም በትንሹ ማሳየትም ግድ አይደለም፤ በ2007ቱ የማይክሮሶፍት ኦፊስ ማውሱን ፎንት ላይ ሲያሳርፉ የራስዎ ጽሑፍ ለጊዜው በዚያ ፎንት ይታይ ነበር፣ ማውሱ ሲነሳ ይመለሳል። ገጽታም እንዲሁ አንዱ ሲጠቆም ብቻ፣ ለዚያ አንዱ ሰፋ ያለ ናሙና ሊሣል ይችላል። ከዚህ የከበደው ሌላ ነው፦ ዛሬ ብዙ ፕሮግራሞች የዴስክቶፑን ገጽታ ሳይሰሙ ራሳቸውን ይሥላሉ። ብሮውዘሩ በራሱ ነው፣ የቢሮ ፕሮግራሙ በራሱ ነው። ናሙናው ፍጹም ቢሆን እንኳ እነሱን አይወክልም፤ ለዚህ የተሟላ መልስ ያመጣ ዴስክቶፕ አላየሁም።

ጽሕፈት ቤቷ ጋ ስመለስ ናሙናዎቹን ትቼ በር መክፈት ፈለግሁ። የፋይሎቿን ዝርዝር በግራ፣ አንድ አቤቱታ በቀኝ ከፈትንና ገጽታዎቹን አንድ በአንድ እየለወጥኩ አሳየኋት። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፋይል መርጬ፣ አንድ ቃል አጥቁሬ፣ የደበዘዘ ሜኑ ከፍቼ ዘጋሁ። ደንበኞቹ ሄደው ስለነበር ጊዜ ነበረን። እኔ ዓይኔ ያረፈበት ጥልቅ ሰማያዊውን ነበር። እሷ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሱልኝ ብላ፣ ቡና ገበታ የመሰለ ቡናማ ግራጫ፣ ምንም ጌጥ የሌለው አንዱ ላይ አስቆመችኝ። ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፣ ጣቷን አቤቱታው ላይ አሳርፋ ከቃል ወደ ቃል ሄደች።

«እዚህኛው ላይ» አለች፣ «ልጁና ልጇ ይለያሉ።»